የጥላዬ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ከሰው ይልቅ መዝገብ በሚበዛበት አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት ውስጥ፣ ቀጠሮ የማይወዱ ዳኛ ነበሩ። እኔ ጓንጉል ደግሞ እዚያው ቤት ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ስነግራችሁ አታቻኩሉኝ። ስጨርስ እናንተ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ዳኛው ምትኩ ወልደየስ ይባላሉ። ሥራ የጀመሩት ግራር ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ፣ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ችሎቱ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት የምስክሩን ቃል ስለሚውጠው፣ ዳኛውም ተከሳሹም እስኪያባራ ዝም ብለው ይተያያሉ። እዚያ ከሳቸው ጋር እየተፈራረቀ የሚያስችል ሌላ ዳኛ ነበር፤ የሱ ሥራ ቀጠሮ መስጠት ብቻ ነው። አንድ ቀን እሱ ቀርቶ ምትኩ ሲተኩት፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግሯ የመጣች ባልቴት ቀረበች። «ለሚቀጥለው ወር» ስትባል፣ «ጌታዬ፣ ከምትቀጥሩኝ ፍረዱብኝና ልረፍ» አለቻቸው። ምትኩ ያን ቀን ለራሳቸው ቃል ገቡ። በሳቸው ችሎት ለአንድ ማስረጃ ከሁለት ቀጠሮ በላይ አይሰጥም።

ቃላቸውን ጠበቁ። በዚህም ስም አተረፉ። ሌላው ዳኛ በዓመት የሚጨርሰውን እሳቸው በሦስት ወር ይጨርሱታል። ከግራር ውሃ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው ችሎት፣ በመጨረሻም እኛ ዘንድ ይግባኝ ሰሚው ላይ ሰብሳቢ ሆነው መጡ። ባለጉዳይ ይሆናል በሚል ሰው ሰላም አይሉም፣ ሠርግ አይሄዱም፣ ማኅበር አይጠጡም። ምሳቸውን ቢሯቸውን ዘግተው ብቻቸውን ይበላሉ። ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ወለሉን እያዩ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ ሰውን ያደርቃል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መዝገብ ይዤ ስገባ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አገኛቸው ነበር። «አቶ ጓንጉል፣ ዛሬም አመጡብኝ?» ይሉኛል። «አመጣሁ ክቡር ዳኛ» እላለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

አሁን ወደ ጥላዬ ልውሰዳችሁ።

ጥላዬ ገላው የግራር ውሃ ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ከወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ሁለት ምስክሮች «ከሰዓት በኋላ ጥላዬን ዱላ ይዞ አይተነዋል» አሉ። ጥላዬ ደግሞ «ያን ዕለት ዋርካ በር ፍርድ ቤት በወሰን ጉዳይ ተከስሼ ቆሜ ነበር፤ ጠይቋቸው» አለ። ዋርካ በር ከግራር ውሃ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የግራር ውሃው ፍርድ ቤት ለዋርካ በር ደብዳቤ ጻፈ። አንድ ቀጠሮ ሰጠ፤ መልስ የለም። ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጠ፤ መልስ የለም። ሦስተኛ አልነበረም። «መልስ በወቅቱ ስላልቀረበ ታልፏል» ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዳኛው ማን እንደነበሩ ገብቷችኋል። እሳቸውን ግን ሃያ ሦስት ዓመት አልገባቸውም። ስሙን እንኳ አላስታወሱም። ይህን በኋላ ስሰማ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ በእጃቸው ያለፈውን መዝገብ ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት።

ጥላዬ በማረሚያ ቤት ሸማኔ ሆነ። እናቱ ከመሞቷ በፊት ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ፈትላ ላከችለት። የሌላ ሰው ፈትል እየሠራ ይሸጣል፣ የእናቱን ግን አልሸጠውም። ሸምኖ ጨረሰና አጣጥፎ ከራስጌው አኖረው። «ያስፈታኝን ሰው አለብሰዋለሁ» አለ። ሁለት ጊዜ የይቅርታ ፎርም አምጥተውለታል። ፎርሙ ላይ «ጥፋቴን አምኜ» የሚል ቃል ስላለ ሁለቱንም ሳይፈርም መለሰ። «ገድያለሁ ብዬ ፈርሜ ብወጣ፣ የሟች ወንድም ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?» አለ። መውጣት ብቻ አልነበረም የሚፈልገው። አልገደለም እንዲባል ነበር የሚፈልገው፣ እሱም በፍርድ ቤት፣ በማኅተም።

ይግባኝ ብሎ ነበር። መዝገቡ ግን ጠፋ። ሴት ልጁ አንጓች አባቷ ሲታሰር ሰባት ዓመቷ ነበር። አሥራ አምስት ከሞላት ጀምሮ በየዓመቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ትመጣለች፣ እኔም በየዓመቱ «አልተገኘም እኅቴ» እላታለሁ። አንድ ቀን ግድግዳ ሊቀባ መደርደሪያ ሲነሳ ከኋላው ወድቆ ተገኘ። ሃያ ዓመት እዚያ ነበር። ያ መደርደሪያ የኔ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ስትፈርዱ እኔ ከፈራጆቹ ወገን እንዳልሆንኩ እንድታውቁ ነው።

ይግባኙ ለነምትኩ ችሎት ደረሰ። ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ ምትኩ መሐል፣ ዳኛ ዘቢደር ጓዴ በቀኝ፣ ሌላ አንድ ዳኛ በግራ። የግራውን ተዉት፤ ደግ ሰው ነው፣ የተጻፈለትን ይፈርማል። ዘቢደር በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ፊት ለፊት ግን «ክብርት ዳኛ» ነው የምላት።

በመዝገቡ ውስጥ ያለው የግራር ውሃ ፍርድ ግልባጭ ብቻ ነው። ቀኑና የዳኛው ስም ያለበትን የመጀመሪያ ገጽ አይጥ በልቶታል። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዳችን «የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት» ተብሎ ተተይቧል። በኛ ቤት ፊርማ ሁሉ የማይነበብ ነው፤ ሊያነብ የሞከረም አልነበረም። ምትኩ ግልባጩን አነበቡና «አጭርና ንጹሕ ጽሑፍ ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ይህ ዳኛ ምን አስቸኮለው? አንድ ቀጠሮ ቢጨምር ምን ነበር?» ብለው ተቆጡ። የዚያ የግራር ውሃው ቀጠሮ አብዢ ዳኛ ሥራ ነው ብለው አመኑ። ያ ሰው ግን ሦስት ዓመት ሲቀጥር የሚውል ሰው ነው! ማመን ፈለጉ እላለሁ እኔ። ለማንኛውም ዋናው ፍርድ ከግራር ውሃ እንዲመጣ አዘዙ፣ ውሳኔውንም አዘጋጁ። «መግደሉ በበቂ ማስረጃ ስላልተረጋገጠ በነፃ ይሰናበት» ይላል። የሚነበበው ሐምሌ 28 ነው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤት ዝግ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ያለፈ መዝገብ ለጥቅምት ነው የሚቀጠረው።

ጥላዬ ደግሞ ጉበቱ አልቆ ነበር። ሐኪሙ ጥቅምትን እንደማያይ ጽፏል።

ሐምሌ 25 ጠዋት ዋናው ፍርድ በፖስታ መጣ። እኔ ነኝ ይዤ የገባሁት። ምትኩ ፖስታውን ቀደዱና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄዱ።  ውጭ ዝናብ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

«አቶ ጓንጉል፣ እስቲ ይህን ፊርማ ያንብቡልኝ» አሉ።

ጭራው ረዘም ያለ፣ የወጣት ፊርማ ነው። «አይነበብም ክቡር ዳኛ» አልኳቸው።

«እኔ ግን አነበብኩት። የኔ ነው።»

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ በሩን ዘጋሁና በሕይወቴ ለዳኛ ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩ። «ዝም ይበሉ። ውሳኔው ተዘጋጅቷል። በሦስተኛው ቀን ፈርመው ሰውየው ይውጣ። ይህችን ወረቀት ማንም አያያትም።»

ምትኩ ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለተኛ ጊዜ ልቸኩልበት?» አሉ።

ሐምሌ 28 አንጓች ለአባቷ አዲስ ጫማና ሸሚዝ በፌስታል ይዛ መጣች። ጥላዬ በሁለት ፖሊስ ተደግፎ ተቀመጠ። ምትኩ ውሳኔውን አላነበቡም። «ይህን ሰው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የፈረድኩበት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዋርካ በር ፍርድ ቤት መልስ እስኪመጣ አንድ ቀጠሮ መጨመር ነበረብኝ፤ ሳልጨምር ቀረሁ። በገዛ ፍርዴ ላይ ዳኛ ሆኜ ልቀመጥ አልችልም። ከመዝገቡ ተነስቻለሁ።» ችሎቱ ፈረሰ፣ መዝገቡ ለጥቅምት ተቀጠረ። አንጓች ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጌታዬ፣ አባቴ ጥቅምትን አያይም» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ምትኩ። ካባቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወጡ።

ጥላዬ ፌስታሉን ወደ ማረሚያ ቤት ይዞ ተመለሰ።

ምትኩ በዚያው ሳምንት ሥራ ለቀቁ። ስማቸውን ለመገንባት ያን ሁሉ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ለማፍረስ ግን አንድ ጠዋት በቃ። በሳቸው የተፈረደበት ሁሉ «የኔም ይታይልኝ» እያለ ማመልከቻ ማስገባት ጀመረ። አብረዋቸው ያረጁ ጠበቆች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሌላ ወገን ያያሉ። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሰው ሰላም የማይሉት ሰው፣ አሁን ሰላም የሚላቸው አጡ።

ንግግራቸው በሬዲዮ ዜና ተነገረ። ዋርካ በር ላይ አንዲት ባልቴት ሽንኩርት እየከተፉ ሰሙት። ወይዘሮ እንጉዳይ ይባላሉ። ሟች ባላቸው አቶ ፈንቴ የዋርካ በር ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸውም እዚያው መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ከዓመታት በፊት አሮጌ መዝገብ ይቃጠል ተብሎ ሲታዘዝ፣ እንጉዳይ አንድ የችሎት ውሎ ደብተር በነጠላቸው ሸፍነው ቤት ወሰዱ። ከጥላዬ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር የባላቸው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶግራፋቸው በቤት ውስጥ አልነበረም። እሑድ እሑድ ገልጠው ያነቡት ነበር። የማያውቁት ሰው ስም፣ የማያውቁት ክስ፣ ግን የሱ እጅ ነው።

ሬዲዮውን እንደሰሙ ደብተሩን አወጡ። ኅዳር ወር ላይ፣ የጥላዬ ጎረቤት የተገደለበት ዕለት ገጽ ላይ ደረሱ። «ተከሳሽ ጥላዬ ገላው ቀርቧል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተሰምቷል» ይላል። በዚያው ገጽ ውስጥ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። ከግራር ውሃ የመጣው ጥያቄ ነው። ደርሶ ነበር። አቶ ፈንቴ ተቀብለው፣ «ነገ እመልሳለሁ» ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጠው ረስተውታል።

እንጉዳይ የሁለት ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው የኔ መስኮት ላይ ደረሱ። እግራቸው አብጦ ነበር። ደብተሩን ከነጨርቁ ዘረጉልኝ።

«እናቴ፣ ይህ ማስረጃ ከሆነ ወደ እርስዎ አይመለስም» አልኳቸው። «መዝገብ ውስጥ ይቀራል።»

«እሱንም አስቤ ነው የመጣሁ።»

ገልጬ ደብዳቤውን ሳይ ደነገጥኩ። «ይህንስ? ባለቤትዎን ያስወቅሳል። የሚያስፈልገው ገጹ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ባይኖርም ሰውየው ይወጣል።»

«መንገዱን ሙሉ ላውጣው አላውጣው ስል ነው የመጣሁ» አሉ። «አውጥቼ ብሰጣችሁ የፈንቴ እጅ አይደለም የሚሆነው። እንዳለ ውሰዱት።» ከዚያ የደብተሩን ጀርባ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱና ለቀቁት። ሰው ሲቀበር እንኳ እንዲህ ልቤ አልተነካም።

ደብተሩ መጣ፤ ችሎት ግን የለም። ነሐሴ ነው። በነሐሴ የሚቀመጠው ተረኛ ችሎት ብቻ ነው። እሱም የዋስትና፣ የእግድ፣ ጊዜ የማይሰጥ ጥቃቅን ነገር ያያል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ዘቢደር እረፍት ላይ ነበረች። ለበላይ ችሎት ከታጩት ዳኞች አንዷ ነች፤ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ዕጩነት ነው፣ ሹመቱ በመስከረም ይጠበቃል። ለራሷ ብታስብ ቤቷ ተቀምጣ መስከረምን መጠበቅ ነበረባት።

ስልክ ደወልኩላት። ደብተሩን መጥታ አየች፣ የሐኪሙን ወረቀት አየች። ከአንድ ተረኛ ዳኛ ጋር ተራ ተለዋወጠችና ጳጉሜ 3 ቀን ችሎቱን ይዛ ተቀመጠች። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ «ይህ ችሎት ለዚህ መዝገብ ሥልጣን የለውም» አለ። እውነቱን ነው። ዘቢደርም እውነቱን መሆኑን ታውቃለች።

«ተቃውሞዎ ይመዝገብ» አለች። «እኔ ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ በጥቅምት ለማን ልፈርድ ነው?»

ከዚያ ፍርዱን አነበበች። የምትኩ ረቂቅ «መግደሉ አልተረጋገጠም» ነበር የሚለው። የሷ ግን «ተከሳሹ በዕለቱ በስፍራው አልነበረም፤ አልገደለም» ይላል። ጥላዬ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ደገመችለት። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ። እንደገና አነበበችለት። ያን ጊዜ ጫማውን ከፌስታሉ አወጣ፣ እግሩ ስላበጠ ግን አልገባለትም። አንጓች በእጇ ይዛለት ወጡ።

ዘቢደር በመስከረም መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከዕጩዎቹ ዝርዝርም ስሟ ተሠረዘ። እሷም የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጻፈች። ያስለቀቃት ማስጠንቀቂያው አልነበረም። በዚያው ጳጉሜ አንዲት ሴት ቢሮዋ ድረስ መጥታ «የኔም ባል ታሟል፣ የሱም መዝገብ ለጥቅምት ነው የተቀጠረው፤ እሱን ለምን አልጠራሽውም?» ብላታለች።  የዚያች ሴት ባል መስከረም ሳይገባ ሞተ።

ጥላዬ ግራር ውሃ ገባ። የሟች ወንድም ፍርዱን አስነብቦ መጣና ከጥላዬ ደጅ ቆመ።  ሰውየው ዱላውን ከአጥሩ አስደግፎ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ጥላዬም ያን ቀን እህል ቀመሰ። ዘመን መለወጫን በቤቱ ዋለ። መስከረም 7 ሞተ። ቤቱ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ምትኩ በሐምሌ ዝም ብለው ቢፈርሙለት አርባ አራት ቀን ይቆይ ነበር። ይህን ቁጥር እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፤ ምትኩ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ከመሞቱ በፊት ጋቢውን ለአንጓች ሰጣት። «ላስፈታኝ ሰው አልብሺልኝ» አላት።

«አባዬ፣ ያስፈታህ ማነው?»

 «ድካም ይዞኛል ልጄ፤ አንቺው ለይተሽ ስጪ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለቅሶው ላይ ሦስቱም መጡ። ምትኩ ከድንኳኑ ጥግ ወለሉን እያዩ ተቀመጡ። እንጉዳይ እግራቸውን ዘርግተው ከሴቶቹ መሐል ነበሩ። ዘቢደር ቆይታ መጥታ ቆይታ ሄደች። አንጓች ማንንም አላለበሰችም። «ማንን ላልብስ?» ብላ እኔ ጋ መጣች፤ በሕይወቷ ብዙ ጊዜ የጠየቀችው ሰው እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

እኔም ነገሩን ለሰው ሳወራው ሰንብቻለሁ፤ የሚስማማ ሁለት ሰው አላገኘሁም። አንዱ ጠበቃ «ለምትኩ ነው» ይላል። «እሳቸው ባይናገሩ ሬዲዮው አይናገርም፣ ደብተሩ አይመጣም፣ ‹አልገደለም› የሚለው ቃል አይጻፍም። ስማቸውን ከፍለው ነው ስሙን የመለሱለት።» ሚስቱ ታቋርጠዋለች። «ያሰረውን ሰው ልታለብሰው? ሃያ ሦስት ዓመት ወስዶበት፣ ሠላሳ አምስት ቀን ደግሞ ጨምሮበት?»

የዕድሬ ሰዎች ለእንጉዳይ ይላሉ። «ሌሎቹ የሰጡት ሥራቸውን ነው፤ እሳቸው የሰጡት የባላቸውን እጅ ነው። ጥፋቱን እንኳ አልደበቁም።» ግን አንዱ «ደብተሩን ያዳኑት ለሱ ብለው አይደለም፤ ደብዳቤውን የዘነጋውም ባላቸው ነው» አለ።

ወጣቶቹ ለዘቢደር ነው የሚሉት። «ቃሉን የጻፈችው እሷ ናት። ሥልጣን ሳይኖራት፣ እያወቀች፣ በገዛ ዕድሏ ላይ። እሷ ባትኖር ሁለቱም ከንቱ ነበሩ።» እኔ ደግሞ የዚያችን ሴት ባል አስታውሳቸዋለሁ። እሱም ተራ ነበረው።

አንጓች ለራሷ ምን እንደምታስብ ጠይቄያት ነበር። «እኔ ጋሼ፣ ሁሉንም እጠላቸዋለሁ፣ ሁሉንም ደግሞ አመሰግናቸዋለሁ» አለች። «አባቴ ግን ለአንድ ሰው ነው ያለኝ።» ጋቢውን ለሦስት መቅደድ እንደማትችል ታውቃለች። የአያቷ ፈትል ነው።

ጥቅምት 16 አርባው ነው። ሦስቱም እንደሚመጡ ልከዋል። እኔም መልስ ይዤ እንድመጣ ቀጥራኛለች። በየዓመቱ መስኮቴ ላይ «ተገኘ?» ስትለኝ «አልተገኘም» ያልኳት ልጅ ናት፤ ዘንድሮም «አላወቅሁም» ብዬ ልመልሳት አልችልም። እኔ ደክሞኛል፣ ደግሞም ያ መደርደሪያ የኔ ነበር። እንግዲህ እናንተ ሰምታችኋል፤ ፍረዱ። የጥላዬ ጋቢ ለማን ይገባል?